ቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ተምሮ በጽሑፍ ሥራ መተዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ይህን ትምህርት ለመጀመር ከሚያስቡም፣ ኢትዮጵያ ሆነው ሙያውን ከሚያጠያይቁም ሰዎች በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ መልሻቸዋለሁ።

ቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ምን ዓይነት ሙያ ነው?

ሰው አንድን ዕቃ ለመጠቀም፣ አንድን ሥራ ለመሥራት ወይም አንድን አሠራር ለመረዳት ሲፈልግ የሚያነበውን ጽሑፍ የማዘጋጀት ሙያ ነው። የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ያለው የእርዳታ ገጽ፣ ከደም ግፊት መለኪያው ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው መመሪያ፣ የአውሮፕላን ጥገና ማኑዋል፣ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጅ ታካሚ የሚሰጠው ወረቀት፣ ፕሮግራመሮች የክፍያ ሥርዓትን ከራሳቸው ድረ ገጽ ጋር ለማያያዝ የሚያነቡት ሰነድ፦ እነዚህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የጻፋቸው ሰው አለ። ሥራውም ቴክኒካል ራይተር ይባላል።

የጸሐፊው ስም ግን ጽሑፉ ላይ አይወጣም። ስሙን ታትሞ ማየት ለሚናፍቅ ሰው ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። በአንጻሩ ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ የጤና መድን ያለው፣ ቀኑን ሙሉ በቃላት የሚሠራበት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ሥራ ደግሞ ብዙ የለም።

ጋዜጠኝነት ወይም ሥነ ጽሑፍ ከመማር በምን ይለያል?

ጋዜጠኛ አንባቢው እንዲያውቅ ይጽፋል፤ ደራሲ አንባቢው እንዲሰማው ይጽፋል፤ ቴክኒካል ራይተር ደግሞ አንባቢው ሥራውን ጨርሶ ገጹን እንዲዘጋው ይጽፋል። ስለዚህ ጽሑፉ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው አንባቢው ያሰበውን ማድረግ ሲችል ነው። ትምህርቱም የተቀረጸው ይህን ለመፈተን እንዲመች ነው፤ መምህሩ “ጽሑፍህ ያምራል” ብሎ ብቻ አያልፍም፣ ሰው ፊት አስቀምጠው እንዲያዩት ያደርጋል።

ጋዜጠኝነት የተማሩ ሰዎች ወደዚህ ሙያ ሲመጡ ጥሩ ስንቅ ይዘው ነው የሚመጡት። ባለሙያን መጠየቅ፣ ያልገባቸውን አለማለፍና የጊዜ ገደብ ማክበር ለምደዋል። ሥነ ጽሑፍ የተማሩት ደግሞ ቋንቋውን ያውቁታል፤ ማስጌጡን መተው ግን ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ትምህርት ቤት ገብቼ የምማረው ምን ምን ነው?

የኮርሶቹ ስም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ይዘታቸው ግን ተቀራራቢ ነው። መመሪያ አጻጻፍ፣ ኤዲቲንግ፣ የገጽ አቀማመጥና ምስል አጠቃቀም፣ ጽሑፍን በተጠቃሚ መፈተን፣ የሶፍትዌር ሰነድ፣ የፕሮፖዛልና የሪፖርት አጻጻፍ፣ እንዲሁም ትንሽ ሥነ ምግባርና ሕግ ይሰጣል። ከመሣሪያዎች ማርክዳውን (ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ቅርጽ ማስያዣ)፣ ጊት (በፋይሎች ላይ የተደረገውን ለውጥ መከታተያ)፣ አንዳንዴም ትልልቅ ሰነዶችን ለማደራጀት የሚረዱት ዲታና ማድካፕ ፍሌር ይገኙበታል። መሣሪያ ይቀያየራልና እሱ ላይ ብዙ አይጨነቁ።

ምን ዓይነት ልምምድ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ መመሪያ ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ “ምጣዱ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተገናኝቶ ተገቢው የሙቀት መጠን ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ሊጡን ማፍሰስ የሚቻል ሲሆን ክዳኑም በወቅቱ መከደን ይኖርበታል።” ሰዋስዉ ምንም እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን የሚያረጋግጠው ማነው? መጋሉን በምን ያውቃል? “በወቅቱ” ስንት ሰዓት ነው? ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ምጣዱ ይሄዳል፣ ራሱ ይጋግራል፣ ከዚያ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

1. እጅዎ ደረቅ መሆኑን አይተው ምጣዱን ይሰኩ።
2. ማብሪያውን ይጫኑና ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ።
3. ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል እያዞሩ ያፍሱ።
4. ዓይን ማውጣት ሲጀምር በአክንባሎው ይክደኑ።
5. ዳር ዳሩ ሲነሳ በሰፌድ ያውጡ።

ሥራው እዚህ አያበቃም። ረቂቁ እንጀራ ጋግሮ ለማያውቅ ሰው ይሰጥና ጸሐፊው አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ማስረዳት ክልክል ነው። ሰውየው ሁለተኛው ተራ ላይ ቆም ብሎ መብራቱን ከፈለገ፣ መብራቱ ያለው ከማብሪያው ጎን መሆኑ መጻፍ ነበረበት ማለት ነው። አራተኛው ላይ “ዓይን ምንድን ነው?” ካለ፣ ቃሉን ለምዶት ለማያውቅ አንባቢ ሥዕል ያስፈልጋል። ስለ እርጥብ እጅ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ከመሰካቱ ቀድሞ የመጣውም በምክንያት ነው፤ ሰው መመሪያን እየሠራ ነው የሚያነበው፣ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ማንንም አያድንም። የዚህ ትምህርት ዋናው ቁም ነገር እንዲህ ያለው ትዕግሥት ነው፤ ከመጽሐፍ ብቻውን የማይገኘውም ለዚህ ነው።

በየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል?

መነሻው አሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማሽኑም የጦር መሣሪያውም ሲወሳሰብ፣ መሐንዲሶች የሚያውቁትን ለሌላው የሚያደርስ ሰው አስፈለገ። ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው ሬንሴላየር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1953 በቴክኒካል ራይቲንግ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ፤ ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ (የዛሬው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ) ደግሞ በ1958 የመጀመሪያ ዲግሪ ከፈተ። ዛሬ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክሳስ ቴክ፣ ዩታ ስቴትና የኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ቴክሳስ ቴክ በኢንተርኔትም ስለሚያስተምር ሥራና ልጆች ላሉት ሰው ይመቻል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ጥሩ ፕሮግራም ደጃቸው ላይ አላቸው።

ሲፈልጉ በአንድ ስም ብቻ አይፈልጉ። ፕሮፌሽናል ራይቲንግ ተብሎ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደሆነው ደግሞ የቀድሞው የቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ክፍል ስሙን ቀይሮ ወደ ዲዛይንና ኢንጂነሪንግ ተጠግቷል። ገንዘብ ለሚቸግረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ መዛወር ብልህነት ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን ክሬዲቱን የሚቀበልልዎትን ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከአሜሪካ ውጭ ጀርመን ጠንካራ ነች። ሙያው እዚያ ቴክኒሼ ሬዳክትሲዮን በሚል ስም ራሱን የቻለ ዲግሪ አለው፤ የሙያ ማኅበሩ ቴኮምም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማሽን የሚሸጥ ሁሉ መመሪያውን በገዢው አገር ቋንቋ እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ ሥራው ከፋብሪካው ጋር የተሳሰረ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የሃይቴክ ኩባንያዎቹ ሰነዶቻቸውን በብዛት በእንግሊዝኛ እንደሚያወጡ ልብ በሉ፤ እንግሊዝኛው ያለው ሰው እዚያ ይፈለጋል።

ዲግሪ የግድ ነው?

ሁለተኛ ዲግሪ የግድ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ግን፣ በምንም ዘርፍ ቢሆን፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ቀጣሪ ይጠይቃል። ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማረ ሰው እንደገና አራት ዓመት መማር የለበትም፤ አጭር የሰርተፊኬት ትምህርት ከያዘው ሙያ ጋር ሲደመር ይበቃዋል። እንደውም የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ነርስ የነበረችን ጸሐፊ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ገና ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰና መጻፍ ለሚወድ ልጅ ግን ዲግሪውን እደግፋለሁ። ፕሮግራሙን የምትመርጡበት መመዘኛ አንድ ይሁን፦ ተማሪዎቹ ሲመረቁ ለእውነተኛ ተጠቃሚ የጻፉት ሥራ በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ ወይ? ለመምህሩ በኢሜይል ይጻፉና ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የሠሩትን ለማየት ይጠይቁ። የሚያሳይዎት ከሌለ ሌላ ይፈልጉ። ብር ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ጉግል በነጻ ያስቀመጣቸውን ሁለት የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርሶች ይሞክሩ። ከታከቱዎት ሙያው ላይስማማዎት እንደሚችል ያለ ወጪ አወቁ ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ይሳካልኛል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ በጣም የምጠነቀቀው ሰውን በባዶ ማበረታታትም፣ ያለ ምክንያት ማስፈራራትም ስለማልፈልግ ነው። መጀመሪያ ደጉን ልንገራችሁ። ቴክኒካል እንግሊዝኛ የተራቀቀ እንግሊዝኛ አይደለም። ለአውሮፕላን ጥገና ማኑዋሎች የተዘጋጀው ኤስ ቲ ኢ የሚባለው ቀለል ያለ እንግሊዝኛ የተፈቀዱ ቃላት ዝርዝር አለው፤ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይይዛል፤ የሥራ ትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል እንዲበልጥ አይፈቅድም። ይህ ሁሉ የተደረገው የማኑዋሎቹ አንባቢ በብዛት እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ መካኒክ ስለሆነ ነው። ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የሚሠራውን ወገናችንን ያስቡት። ቋንቋውን እንደ እርሱ የተማረ ጸሐፊ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ቀድሞ ያውቃል።

ሌላም አለ። ስደተኛ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ከኢሚግሬሽን፣ ከመድን ድርጅት የመጣውን ደብዳቤ ለእናትና ለአባቱ ሲያነብና ሲያስረዳ ነው የኖረው። አባቱ “በአጭሩ ምን አድርጉ ነው የሚሉት?” ብሎ ሲጠይቀው፣ ሦስት ገጹን በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሷል። ሙያው ይኸው ነው። እነዚህን ልጆች ሳይ ሥራውን ለዓመታት ያለ ክፍያ ሲለማመዱት እንደቆዩ ነው የማየው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። በአማርኛ ያደግን ሰዎች የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችና አርቲክሎች ያስቸግሩናል፤ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በእንግሊዝኛም ስንጽፍ ዋናውን ድርጊት ወደ ኋላ የመግፋት ዝንባሌ አለን። ደግነቱ በአንድ ነገር አማርኛው ይረዳናል። እኛ “ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ያጥፉት” ብለን ሁኔታውን እናስቀድማለን፤ የጉግል የሰነድ አጻጻፍ መመሪያም ሁኔታው ከትእዛዙ እንዲቀድም ነው የሚመክረው። የቀረው በልምምድ ይስተካከላል፤ ለዚያ ግን ሳያፍሩ ስህተትዎን የሚያርምልዎ ሰው መፈለግ አለብዎት። ቀጣሪ በማመልከቻው ላይ ሦስት ስህተት ካየ ሌላውን አያነብም፤ ይህን ለስላሳ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም።

ኮዲንግ መማር አለብኝ?

መጻፍ ባይጠበቅብዎትም ማንበብ ይጠቅማል። የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ለመሥራት ካሰቡ ማርክዳውንን፣ ጊትን፣ እንዲሁም የኤፒአይ (አንድ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ጥያቄና መልስ እንዴት እንደሚሄድ ይማሩ። ሕክምና፣ ፋብሪካ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ፍላጎትዎ ያን ያህል አያስፈልግም።

ደመወዙ እንዴት ነው?

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ለግንቦት 2023 ባወጣው መረጃ የቴክኒካል ራይተሮች መካከለኛ የዓመት ገቢ 80,050 ዶላር ነበር፤ ማለትም ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ። ጀማሪ ከዚህ በታች እንደሚጀምር ይጠብቁ። ብዙ ሥራዎች በኮንትራት የሚሰጡ ናቸው፤ የሰዓት ክፍያው ከፍ ብሎ ሲያዩ የጤና መድኑንና ዕረፍቱን ከራስዎ ኪስ እንደሚሸፍኑ አስልተው ያወዳድሩ። የሥራው ብዛት እየተንደረደረ የሚያድግ መስክም አይደለም።

ልምድ ሳይኖረኝ ፖርትፎሊዮ ከየት አመጣለሁ?

ቅጥር የሚገኘው በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለቀጣሪ በሚያሳዩት የሥራ ናሙና ነው። ሦስት ጥሩ ሥራ ይበቃል፦ አንድ በተራ ቁጥር የተጻፈ መመሪያ፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራ ጽሑፍ፣ አንድ ደግሞ የነበረውንና እርስዎ ያሻሻሉትን ጎን ለጎን የሚያሳይ። ከእያንዳንዳቸው ጋር አንባቢው ማን እንደነበርና በማን ላይ እንደፈተኑት በአጭሩ ይጻፉ። ብዙ አመልካቾች ይህን የመጨረሻውን ይዘሉታል፤ ቀጣሪ ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ምንጩ ቅርብ ነው። ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚሰራጩ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ደካማ ሰነድ ነው ያላቸው፤ አንዱን ይምረጡ፣ የመጫኛ መመሪያውን ተከትለው ይጫኑ፣ የተደናቀፉበትን ቦታ አስተካክለው ይላኩ። እድሩ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ወርኃዊ መዋጮን በስልክ መቀበል ከጀመረ፣ ሽማግሌዎች ሳይደውሉ ራሳቸው መክፈል የሚችሉበትን አንድ ገጽ ያዘጋጁና ስንት ሰው እንደቻለ ይዩ። በሁለት ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ሌላ አመልካች የሌለው ሥራ አለዎት። የማይደረገው አንድ ነገር ነው፦ ለቀጣሪ የሠሩትን የውስጥ ሰነድ ሳያስፈቅዱ ማሳየት። አንዴ ይህን ያደረገ ሰው ምስጢር አይጠብቅም ተብሎ ይታለፋል።

የሙያ ጓደኛ ለማግኘት ራይት ዘ ዶክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ የሰነድ ጸሐፊዎች ኅብረት ለጀማሪ ደግ ነው። የቆዩ ምክሮች ኤስ ቲ ሲ የሚባለውን የአሜሪካ ማኅበር አባል ሁኑ ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቆየው ያ ማኅበር ግን በጥር 2025 ኪሳራ አውጆ ተዘግቷል።

ኢትዮጵያ ሆኜ በዚህ ሙያ መሥራት እችላለሁ?

በሥራ ማስታወቂያ ላይ ስሙን ፈልገው እምብዛም አያገኙትም፤ ሥራው ግን አለ። ቻፓን የመሰሉ የክፍያ ኩባንያዎች ፕሮግራመሮች የሚያነቡት ሰነድ አላቸው። በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት ቴሌብር እ.ኤ.አ. ከ2021፣ ኤም ፔሳ ከ2023 ጀምሮ ሲገቡ ከተማ ያልኖረ፣ ስልክን ለመደወል ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ገንዘቡን በእነሱ ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለዚህ ሕዝብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚጻፍ ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል። “ግብይትዎ አልተሳካም” ብሎ የሚያቆም መልእክት የላኩት ብር ይመለስ አይመለስ አይናገርም። ገበያ መሃል ቆመው ይህን ያነበቡት እናት የሚይዙት የሚጨብጡት ያጣሉ። እዚህ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ሰው ከጭንቀት ያወጣል፤ ይህ ሥራ አለመሠራቱ በግሌ በጣም ይቆጨኛል።

በተግባር የሚሻለው መንገድ በሌላ ስም መግባት ነው። የግብረ ሰናይ ድርጅት ሪፖርትና ፕሮፖዛል፣ የባንክ የደንበኞች አገልግሎት፣ የሶፍትዌር ድርጅት የምርት ክፍል ውስጥ ገብተው የመመሪያውን ሥራ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ከውጭ አገር በርቀት የሚገኝ ሥራም አለ፤ ከመስማማትዎ በፊት ክፍያው እንዴት እንደሚደርስዎ ይጨርሱ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይህን ሥራ አይበላውም?

ከፊሉን በልቶታል። ያለውን ጽሑፍ ማስተካከል፣ የመጀመሪያ ረቂቅ ማውጣት፣ ቅርጽ ማስያዝ፦ ጀማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ሥራ እየሳሳ ነው፤ መግቢያው በርም ጠቧል። ይህን ሳያውቅ ብድር ወስዶ የሚማር ሰው ያሳዝነኛል።

ማሽኑ የማይችለው ያልተጻፈውን ማወቅ ነው። አዲሱ ስሪት ላይ ቁልፉ ቦታ እንደተቀየረ፣ መሐንዲሱ ስብሰባ ላይ “ይህኛው ገና አይሠራም” ማለቱን፣ ታካሚዎች የትኛው መስመር ላይ እንደሚሳሳቱ የሚያውቀው ሄዶ የጠየቀና የሞከረ ሰው ነው። በዚያ ላይ ደንበኛ ጥያቄውን ለማሽን ሲያቀርብ ማሽኑ የሚመልሰው ከኩባንያው ሰነድ ቀድቶ ነው፤ ሰነዱ ከተሳሳተ መልሱም ይሳሳታል። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር አንድ ሁለተኛ ዘርፍ አብረው ይማሩ። ሕክምና፣ ፋይናንስ፣ ኤሌክትሪክ ወይም የመረጃ ደህንነት ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አሁን ይቸገራል።

በተማሪ ቪዛ ብመጣ ከምረቃ በኋላ መሥራት እችላለሁ?

በኤፍ 1 (የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ) ያለ ተማሪ ከምረቃ በኋላ ኦ ፒ ቲ በሚባለው የሥራ ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል። ዘርፉ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ተብሎ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመርለታል። አስቸጋሪው ነገር ተመሳሳይ ትምህርት አንዱ ዩኒቨርሲቲ በስቴም ኮድ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ኮድ ሊመዘግበው መቻሉ ነው። አድሚሽኑን ከመቀበልዎ በፊት የፕሮግራሙን ሲ አይ ፒ ኮድ (የትምህርት ዘርፉ የሚመዘገብበትን ቁጥር) ጠይቀው መንግሥት ከሚያወጣው የስቴም ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጥዎ አይ 20 ቅጽ ሲደርስዎም ኮዱን እንደገና ይዩት። ከዚያ በኋላ ያለው ኤች 1 ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ በዕጣ ስለሆነ ማንም ዋስትና ሊሰጥዎ አይችልም፤ እሰጣለሁ የሚል ደላላ ካጋጠመዎ ይራቁት።

እውነተኛ ፍላጎቴ ልቦለድ መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ብዕሬን አያደርቀውም?

አንዳንዱን ያደርቀዋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያስተካክል የዋለ ሰው ማታ ሌላ ዓረፍተ ነገር ማየት ላይፈልግ ይችላል። መፍትሔ ሆኖ ያየሁት ከሥራ በፊት ማለዳ መጻፍ፣ በተለይም ቀን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው የራሱን በአማርኛ መጻፉ ነው። ከዚያ በተረፈ ሥራው የማይረባ ቃል መቁረጥን ያስለምዳል፤ ኪራዩም ስለሚከፈል የሚጽፉትን ለመሸጥ ብለው አያጣምሙትም።

አንድ ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ያድርጉ። የቅጥር ውሉ ውስጥ ሠራተኛው የፈጠረውና የጻፈው የማን እንደሚሆን የሚናገር አንቀጽ ይኖራል፤ አንዳንድ ውሎች በጣም ሰፊ አድርገው ይጽፉታል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በራስዎ ኮምፒዩተር የሚጽፉት ልቦለድ የእርስዎ መሆኑ በግልጽ እንዲገባ ይጠይቁ፤ የጀመሩት ረቂቅ ካለም ርዕሱን ከውሉ ጋር በሚያያዘው ዝርዝር ላይ ያስመዝግቡ። የራስዎን ጽሑፍ በኩባንያው ላፕቶፕ ላይ አይክፈቱ።